ዜታ ፈንክሽን፣ ቫራይቲና አውቶሞርፊክ ውክልና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ተሰብስበን ሒሳብ እናነባለን። አንድ ቀን አስተናጋጁ ወረቀታችን ላይ የተደረደረውን ቁጥር አየና “ቤቲንግ ነው እንዴ?” አለን። ቤቲንግ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ከስረን ተበትነን ነበር። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ስለሚነሳ፣ መልሱን አንዴ ጽፈን እንገላገል ብለን ነው ይህን ያዘጋጀነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያልታወቁትን ቁጥሮች ደግሞ ሀ እና ለ ብለናቸዋል።

ባጭሩ ምንድን ነው የምታነቡት?

በአንድ በኩል እኩልታ አለ፤ መፍትሔዎቹ ይቆጠራሉ። በሌላ በኩል ሲሜትሪ የበዛበት ፈንክሽን አለ፤ ውስጡ ያሉት ቁጥሮች ይነበባሉ። ሁለቱ ምንም አይተዋወቁም። ግን ዝርዝሮቻቸውን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንድ ሆነው ይገኛሉ። ለምን እንደሆነ ነው የምናነበው።

ዜታ ፈንክሽን ምንድን ነው?

1 + 1/4 + 1/9 + 1/16 እያላችሁ ሳታቆሙ ደምሩ። ድምሩ ፓይ ስኩዌር ለ6 ይሆናል። ይህን ያገኘው ኦይለር ነው። በስኩዌር ፈንታ ሌላ ኃይል፣ ሰ እንበለው፣ ስናስገባ ድምሩ የሰ ፈንክሽን ይሆናል፤ ዜታ ፈንክሽን ማለት ይህ ነው። በ1737 ደግሞ ይኸው ዓይነት ድምር በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ በሚሠራ ብዜት ሊጻፍ እንደሚችል አሳየ። ለ2 አንድ ቁራጭ፣ ለ3 አንድ ቁራጭ፣ ለ5 አንድ ቁራጭ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሪማን በ1859 ፈንክሽኑን በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ዓለም ላይ ዘረጋው። ዜታ የሚለውን ፊደል የሰጠውም እሱ ነው።

ብቸኛ ቁጥር ያልነው በራሱና በ1 ብቻ የሚካፈለውን ነው። ስናወራ ግን ሁላችንም “ፕራይም” ነው የምንለው፤ መዋሸት አያስፈልግም።

ቫራይቲስ?

የእኩልታዎች መፍትሔዎች ሲሰባሰቡ የሚሠሩት ቅርጽ ነው። ክብ ቫራይቲ ነው። ቀጥ ያለ መስመርም ነው። አንዲት ነጥብም ነች።

መፍትሔ መቁጠር ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? መፍትሔውኮ ማለቂያ ላይኖረው ይችላል።

ልክ ነው። ስለዚህ በቀሪ ነው የምንቆጥረው። አንድ ብቸኛ ቁጥር እንይዛለን፤ ሌላውን ሁሉ በሱ አካፍለን ቀሪውን ብቻ እናያለን። 7ን ከያዝን በዓለም ላይ ያሉት ቁጥሮች ከ0 እስከ 6 ያሉት ብቻ ናቸው። መፍትሔው በጣት ይቆጠራል።

ከመካከላችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። የመጀመሪያው ቀን ይህን ስናስረዳ ሳቁብን። “ልጆች፣ ይሄኮ ባሕረ ሐሳብ ነው” አሉ። እውነታቸውን ነው። 2018 ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ጨምሩ፤ 7518 ይሆናል። ለ4 ስታካፍሉት 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ስታካፍሉት 13 ይቀራል። አንድ ቀንሱ፤ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ። ሁለቱ ሲደመሩ 30። አጋጣሚ አይደለም፤ 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለሆኑ ነው። “መግደፍ” የሚለውን ቃል እኛም ከዚያ ወስደነዋል። ከፈረንጁ ቃል ይሻላል።

አሁን አንድ ቀላል እኩልታ እንውሰድ፦ ሀ² + 1 = 0። በ5 ስንገድፍ 2 መፍትሔ ነው፤ 4 + 1 = 5፣ ማለትም 0። 3ም መፍትሔ ነው። በ13 ስንገድፍ 5 እና 8 ናቸው። በ7 ግን የለም። በ11ም የለም። ሕጉ ምንድን ነው?

ብቸኛ ቁጥሩን ለ4 አካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ፣ እንደ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁልጊዜ ሁለት መፍትሔ አለ። 5፣ 13፣ 17፣ 29 የማቴዎስ ናቸው። ቀሪው 3 ከሆነ፣ እንደ ዘመነ ሉቃስ፣ በጭራሽ የለም። 3፣ 7፣ 11፣ 19 የሉቃስ ናቸው። ማርቆስ የሚደርሰው 2 ብቻ ነው፤ እሱም አንድ መፍትሔ አለው። ዮሐንስ ባዶውን ቀረ፤ ለ4 የሚካፈል ብቸኛ ቁጥር የለማ።

መቶ አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ቢሰጣችሁ እንኳ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች አይታችሁ ስንት መፍትሔ እንዳለ ትናገራላችሁ። አንድም ነገር ሳትቆጥሩ። ይህ ዓይነቱ ሕግ ነው ከጋውስ የ1801 ሥራ ጀምሮ የቁጥር ቲዎሪን ሲነዳ የኖረው።

የቆጠራው ዝርዝር እንዴት ነው ዜታ የሚሆነው?

ለያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ከቆጠራው አንድ ቁራጭ ይሠራል። ከዚያ ሁሉም ይባዛሉ፤ ልክ ኦይለር እንዳደረገው። ሐሴ ቬይ ዜታ የሚባለው ይህ ነው። በቀሪዎቹ ዓለም ብቻ ሳይሆን ከሱ በሚሰፉ ውሱን ዓለሞችም መቁጠር ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን እንለፈው።

አንዲት ነጥብ ያላት ቫራይቲ ዜታዋ ራሱ የሪማን ዜታ ነው። የሀ² + 1 = 0 ዜታ ደግሞ የሪማን ዜታ በሌላ ፈንክሽን ሲባዛ ነው። ያ ሌላው ፈንክሽን ከ 1 − 1/3 + 1/5 − 1/7 እያለ ከሚሄደው ድምር ነው የሚመጣው። ፕላስና ማይነሱን አያችሁት? ማቴዎስ ፕላስ፣ ሉቃስ ማይነስ። ድምሩ ፓይ ለ4 ይሆናል።

ታዲያ ሁልጊዜ በዘመነ ማቴዎስና ሉቃስ ይፈታል?

አይፈታም። ነገሩ የሚጥመውም እዚህ ጋ ነው።

ይህን እኩልታ ተመልከቱ፦ ለ² + ለ = ሀ³ − ሀ²። ኤሊፕቲክ ኩርቭ ነው። በ7 እንቁጠረው። ለ ከ0 እስከ 6 ሲሄድ የግራው ወገን 0፣ 2፣ 6፣ 5፣ 6፣ 2፣ 0 ይሰጣል። ሀ ከ0 እስከ 6 ሲሄድ የቀኙ ወገን 0፣ 0፣ 4፣ 4፣ 6፣ 2፣ 5 ይሰጣል። አሁን አዛምዱ። በቀኝ ሁለት 0 አለ፤ እያንዳንዱ በግራ ሁለት ጓደኛ አለው፤ 4 ነጥብ። 4 ጓደኛ የለውም። 6 ሁለት፣ 2 ሁለት፣ 5 አንድ። ጠቅላላ 9። ከሩቅ ያለችውን፣ ወሰን የለሽ የምንላትን ነጥብ ስንጨምር 10።

መስመር ቢሆን ኖሮ 7 + 1 = 8 ነጥብ ነበር የሚኖረው። 8 − 10 = −2። ይቺን −2 ያዙልኝ። በተመሳሳይ መንገድ ለ2 ልዩነቱ −2 ነው፤ ለ3 −1፤ ለ5 ደግሞ 1፤ ለ13 ደግሞ 4።

በቀሪ ሕግ ይገኝ ይሆን? 2 እና 13 በ11 ሲገደፉ ሁለቱም 2 ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን −2 እና 4 ነው። 11ን ትታችሁ ሌላ ቁጥር ብትሞክሩ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብታተልቁት፣ የዚህን ኩርቭ ልዩነቶች የሚነግር የዘመን ሕግ የለም። ባሕረ ሐሳብ እዚህ ይቆማል።

አሁን ሌላ ወረቀት አውጡና ይህን አባዙ። ቀ ብላችሁ ጀምሩ። በ(1 − ቀ)² አባዙ፣ በ(1 − ቀ²)² አባዙ፣ በ(1 − ቀ³)² አባዙ፣ እንዲህ ቀጥሉ። ለያንዳንዱ ደግሞ የ11 ወንድሙን ጨምሩ፦ (1 − ቀ¹¹)²፣ (1 − ቀ²²)²፣ እያለ። ሲዘረጋ እንዲህ ይጀምራል፦

ቀ − 2ቀ² − ቀ³ + 2ቀ⁴ + ቀ⁵ + 2ቀ⁶ − 2ቀ⁷ …

ሁለተኛው ላይ −2። ሦስተኛው ላይ −1። አምስተኛው ላይ 1። ሰባተኛው ላይ −2። ቀጥላችሁ 13ኛው ላይ ብትደርሱ 4። ማንም ኩርቭ አልነገረውም። እኔ መጀመሪያ ስሠራው ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ ቀረ። ተሳስቼ መስሎኝ እንደገና አባዛሁት።

ይህ ብዜት ሞዱላር ፎርም ነው። በኮምፕሌክስ ግማሽ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ማለቂያ የሌላቸው ሲሜትሪዎች አሉት። ማቴዎስና ሉቃስ ሲያቅታቸው የሚተካቸው የዘመን አቆጣጠር ይህ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

“አውቶሞርፊክ ውክልና” ሲባል ግን ምን ዓይነት ውክልና ነው?

ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ለወንድማችሁ የምትሰጡት አይደለም።

በሒሳብ ውክልና ማለት እያንዳንዱን ሲሜትሪ በማትሪክስ መወከል ነው። ማትሪክሱ ማለቂያ የሌለው ሊሆንም ይችላል። ሞዱላር ፎርሙን ብቻውን አታዩትም፤ ሲሜትሪዎች እያንቀሳቀሱት የሚወልዱትን ቤተሰብ በሙሉ ነው የምታዩት። ያ ቤተሰብ ነው ውክልናው።

ክራር ስትመቱ ጆሯችሁ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ንጹሕ ድምፆች አሉ። አውቶሞርፊክ ውክልናዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በጣም ሲሜትሪያዊ በሆነ አንድ ሰፊ ቦታ ላይ ያሉ ፈንክሽኖች ሲበተኑ የሚገኙ ንጹሕ ድምፆች። ቦታው አዴል በሚባሉ ቁጥሮች ላይ ከሚሠሩ ማትሪክሶች የተሠራ ነው። አዴል ማለት የእያንዳንዱን ብቸኛ ቁጥር ዓለምና የተለመደውን የቁጥር መስመር አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ ቁጥር ነው።

ስለዚህ አንድ ውክልና ለያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር አንድ ቁራጭ አለው። በእኛ ምሳሌ የ7ቱ ቁራጭ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ሲደመሩ −2፣ ሲባዙ 7። ፈልጉ ቢባል −1 + √−6 እና −1 − √−6 ይሆናሉ። የሁለቱም መጠን √7 ነው። ልዩነቱ ከ2√7 እንዳያልፍ የሚያደርገው ይህ ነው። ሐሴ በ1930ዎቹ ለኤሊፕቲክ ኩርቭ ሁሉ አረጋግጦታል። ቬይ በ1949 ለቫራይቲዎች በጠቅላላው ግምቱን አስቀመጠ፤ ድዎርክና ግሮተንዲክ መንገዱን ጠረጉ፤ ዴሊኝ በ1974 ባሳተመው ሥራ ጨረሰው።

የማቴዎስና ሉቃስ ሕግስ? እሱም አውቶሞርፊክ ውክልና ነው፤ አንድ በአንድ የሆነ ማትሪክስ ያለው፣ የመጨረሻው ቀላል ዓይነት። ይህን በአዴል ቋንቋ አሳምሮ የጻፈው ቴት ነው፣ በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉ። አራት ኪሎ ላይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። ግንኙነት የላቸውም፤ እኛ ደስ ስለሚለን ነው የምናነሳው።

ዝርዝሮቹ አንድ ሆኑ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?

ይህን ጥያቄ ያነሳችው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነች፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

የኩርቩን ቁራጮች ስታባዙ ብዜቱ ትርጉም የሚኖረው ሰ ከ3/2 ሲበልጥ ብቻ ነው። የምንፈልገው ግን ሰ = 1 ላይ ያለውን ነው። እዚያ ብዜቱ አይሠራም። ቆጠራው ብቻ በእጃችሁ ካለ ወደዚያ የሚያሻግር ድልድይ የላችሁም። አውቶሞርፊክ በሆነው ወገን ግን ድልድዩ አለ፤ ሲሜትሪው ራሱ ይሠራዋል። ሄክ ለሞዱላር ፎርሞች አሳይቶታል። ጎድማንና ዣኬ በ1972 ለማንኛውም መጠን ማትሪክስ አሳዩት።

ሰ = 1 ላይ ምን አለ? በእኛ ኩርቭ ዋጋው 0.2538 ገደማ ነው። ዜሮ አይደለም። ኮሊቫጊን በ1980ዎቹ መጨረሻ ያረጋገጠው እንደሚለው፣ እዚያ ዜሮ ካልሆነ በክፍልፋይ ቁጥሮች ያለው መፍትሔ ውሱን ነው። እውነትም አምስት ብቻ ነው፦ ሀ 0 ወይም 1፣ ለ 0 ወይም −1፣ ከዚያ ወሰን የለሿ ነጥብ። ዜሮ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር የሚናገረው የበርችና ስዊነርተን ዳየር ግምት ነው። ክሌይ ተቋም በ2000 አንድ ሚሊዮን ዶላር ያስቀመጠበት እሱ ነው። ዶላሩ እስካሁን አለ።

ላንግላንድስ ማን ነው?

ካናዳዊ ነው። በጃንዋሪ 1967፣ 30 ዓመቱ ላይ፣ ለአንድሬ ቬይ 17 ገጽ በእጁ ጻፈ። እንደ ግምት ካነበብከው ደስ ይለኛል፣ ካልሆነም የቆሻሻ ቅርጫት አጠገብህ አይጠፋም የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። ከዚያ ደብዳቤ ላንግላንድስ ፕሮግራም የሚባለው ተወለደ። ለዚህ ገጽ የሚበቃው ክፍል ይህ ነው፦ ከቫራይቲ የሚመጣ ዜታ ሁሉ ከአውቶሞርፊክ ውክልናዎች ፈንክሽኖች የተሠራ መሆን አለበት። በ2018 የአቤል ሽልማትን ወሰደ።

ከፌርማ ጋር ይገናኛል?

አዎ። ፌርማ ያለው፣ ኃይሉ ከ2 ሲበልጥ ሀⁿ + ለⁿ = ሐⁿ በአዎንታዊ ሙሉ ቁጥሮች መፍትሔ የለውም ነው። ታኒያማ በ1955፣ ቀጥሎም ሺሙራ፣ በክፍልፋይ ቁጥሮች የሚጻፍ ኤሊፕቲክ ኩርቭ ሁሉ እንደ እኛው ምሳሌ ሞዱላር ፎርም አለው ብለው ገመቱ። ዋይልስ በ1993 ትልቁን ክፍል አረጋገጥኩ አለ፤ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ከቴይለር ጋር በ1994 ደፈነው፤ በ1995 ታተመ። የፌርማም አብሮ ተረጋገጠ። ሙሉው ግምት በ2001 ታትሞ አለቀ፤ ብሩይ፣ ኮንራድ፣ ዳይመንድና ቴይለር ናቸው።

ታዲያ ምን ቀረ?

አብዛኛው። ከኤሊፕቲክ ኩርቭ አንድ ደረጃ ከፍ ስትሉ፣ ማለትም ጂነስ 2 ኩርቮችና አቤልያን ሰርፌሶች ላይ ስትደርሱ፣ ነገሩ ይከብዳል። ቦክሰር፣ ካሌጋሪ፣ ጂ እና ፒሎኒ በ2021 ባሳተሙት ሥራ “በእምቅ” ሞዱላር መሆናቸውን አሳይተዋል፤ የቁጥር ዓለሙን ትንሽ ካሰፋችሁት ይሆናል ማለት ነው። ዜታው ድልድዩን እንዲሻገር ይህም ይበቃል። ለዘፈቀደ ቫራይቲ ግን ሜዳው ገና ባዶ ነው። ቁጥሮች በፈንክሽኖች በሚተኩበት ዓለም ድሪንፌልድና ላፎርግ ብዙ ሄደዋል፤ ያ ሌላ ቅዳሜ ይፈልጋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ደመወዝ ያስገኛል?

ስልካችሁ መልእክት ሲቆልፍ ኤሊፕቲክ ኩርቭ ይጠቀማል፤ ነጥቦቹን በፍጥነት መቁጠርም እዚያ ያስፈልጋል። ሹፍ በ1985 መንገዱን አሳይቷል። የሞዱላር ፎርም ቁጥሮች ከስንት እንደማያልፉ ከሚናገረው የራማኑጃን ግምት ደግሞ ጥቂት ሽቦ ይዘው በጣም የተሳሰሩ ኔትወርኮች በ1988 ተሠርተዋል። ከዚያ በላይ ብናወራ ማጋነን ነው። ደመወዝ ፈልጎ የመጣ ሰው እስካሁን ሁለተኛ ቅዳሜ አልተመለሰም።

ምን አውቄ ልምጣ?

ማካፈልና ቀሪ። ከቆያችሁ ሊኒየር አልጀብራ፣ የቡድን ቲዎሪና ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ይፈለጋሉ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። አዴልን ቸኩላችሁ አትንኩት። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ያስፈልጋል?

አያስፈልግም፣ ግን ይረዳል። ፓሪ ጂፒ ነፃ ነው፤ ከፈረንሳይ ከቦርዶ ነው የመጣው፤ አንዴ ካወረዳችሁት ዳታ አይበላም። ሴጅማዝም ነፃ ነው፣ ግን ከባድ ነው፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት።

የት ነው የምትገናኙት?

ድሮ ፒያሳ ነበርን። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ወጣን። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት። ማኪያቶ የየራስ ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

በሻማ እንቆጥራለን። ባለፈው ያንኑ ኩርቭ በ23 እየቆጠርን ጨለመ። አንዱ ያዛምዳል፣ አንዷ ትጽፋለች። 24 ነጥብ አገኘን። ጋሼ ወረቀቱን ሳያዩ “ተሳስታችኋል” አሉ። እንዴት አወቁ? እነዚያ አምስት ነጥቦች ከ11 በቀር በማንኛውም ብቸኛ ቁጥር አይጠፉም፤ እርስ በርስ ሲደመሩም ከአምስትነታቸው አይወጡም፤ ስለዚህ ጠቅላላው ሁልጊዜ ለ5 ይካፈላል። 5፣ 5፣ 5፣ 10፣ 10፣ 20፣ 20 እያለ ነው የመጣው። 24 አይሆንም።

እንደገና ከላይ ጀምረን ቆጠርን። አሁንም 24። ሻማው ሊያልቅ ሲል ነው ትዝ ያለን፤ ወሰን የለሿን ነጥብ ረስተናት ነበር።